ከኮንጎ የመጣ ሳንቲም ሁሉ ወርቅ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ በኮንጎ ዘማች ቤተሰቦች እጅ ስለሚገኙ አሮጌ ገንዘቦች ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ በፎቶግራፉ መግለጫ ላይ፣ የካታንጋን ባለ 5 ፍራንክ ሳንቲም «ሕዝቡ ይገበያይበት የነበረ ብርቅዬ የወርቅ ገንዘብ» ብላችሁታል። ይህን አምኖ የሰው ሳንቲም በወርቅ ዋጋ የሚገዛ አንባቢ አይጠፋምና፣ በበኩሌ የማውቀውን ልጽፍ ወደድሁ።

ካታንጋ፣ ኮንጎ ከቤልጅየም ነጻ በወጣች በ11 ቀኗ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 1960 በሞይስ ቾምቤ መሪነት ተገንጥላ ነጻ አገር ነኝ ያለች፣ ነገር ግን አንድም መንግሥት ዕውቅና ሳይሰጣት በጥር 1963 ያከተመላት የመዳብ ምድር ናት። በ1961 ባለ 1 እና ባለ 5 ፍራንክ የነሐስ ሳንቲሞች አስቀረጸች፤ በአንድ ገጻቸው የሙዝ ዘለላ፣ በሌላው በጥንት ዘመን ለመገበያያ ያገለግል የነበረው የካታንጋ የመዳብ መስቀል ይታያል። በዚያው ዓመት ባለ 5 ፍራንኩ በዚሁ መልክ ከወርቅም ተሠራ። ብዛቱ 20,000፣ የአንዱ ክብደት 13.33 ግራም፣ ጥራቱም ከሺህ 900 ነው።

እንግዲህ በእያንዳንዱ ውስጥ 12 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ ማለት ነው። በዚያ ዘመን አንድ አውንስ (31 ግራም ገደማ) ወርቅ 35 ዶላር ስለነበር የወርቁ ዋጋ ብቻ ከ13 ዶላር ይበልጣል፤ 5 ፍራንክ ግን በጊዜው ምንዛሪ ከ10 የአሜሪካ ሳንቲም ብዙም የሚርቅ አልነበረም። የ13 ዶላር ወርቅ ሰጥቶ የ10 ሳንቲም ሙዝ የሚገዛ ሰው በካታንጋ ዋና ከተማ በኤልሳቤትቪል ገበያም ሆነ በመርካቶ አይገኝም። ገበያ ላይ የዋለው ነሐሱ ነው፤ ወርቁ የተሠራው ገዝቶ ለሚያስቀምጥ ሰው ነው።

ይህን የተማርኩት ከቤቴ ነው። አባቴ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ከኢትዮጵያው ጠቅል ብርጌድ ጋር ኮንጎ ዘምቶ ሲመለስ አንድ ቢጫ ሳንቲም ይዞ መጣ። እናቴ መስቀል አለበት ብላ ከዳዊቷ ጋር በጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጠው ነበር፤ ለበዓል በሎሚና በአመድ ስትወለውለው እንደ ወርቅ ስለሚያበራ፣ እኛ ልጆቿም ወርቅ ነው ብለን አደግን። ከዓመታት በኋላ አንድ ወርቅ ሠሪ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጠው ስድስት ግራም ተኩል ሆነ። ሰውየው ጠብታ አሲድ ሊሞክርበት ሲል እጁን ያዝኩት፤ ከሚዛኑ ወዲያ ምስክር አያስፈልግም ነበርና። ነሐስ ከወርቅ በጣም የቀለለ ስለሆነ፣ በመጠን የሚመሳሰሉት ሁለቱ ሳንቲሞች በክብደት ግማሽ ለግማሽ ይለያያሉ። በላዩ ወርቅ የተቀባ ነሐስም ቢሆን በሚዛን ይታወቃል።

ስለዚህ በቤቱ ቢጫ የካታንጋ ሳንቲም ያለው ሰው ከመሸጡም ከመግዛቱም በፊት ያስመዝን። 13 ግራም ከሆነ በሎሚም በአመድም አይንካው፤ የተፋቀና የተወለወለ ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። በግራም ሒሳብ ወርቅ ቤት ሰጥቶ ማስቀለጥማ፣ ለእኔ፣ ትልቅ ጥፋት ነው።

«ብርቅዬ» ስለምትለው ቃልም ትንሽ ልበል። ሃያ ሺህ ፍሬ የተሠራለት ሳንቲም ደስ የሚል ቅርስ ነው እንጂ እንደተባለው ብርቅ አይደለም፤ ሻጮች ይህችን ቃል ዋጋ ማስወደጃ አድርገዋታልና ጋዜጣችሁ ባያግዛቸው መልካም ነው። በበኩሌ ከካዝና ወጥቶ ከማያውቅ ወርቅ ይልቅ፣ በዘማቹ ኪስ ተንከራትቶ አዲስ አበባ የገባው ነሐስ ይበልጥብኛል።

በሚቀጥለው እትማችሁ የፎቶግራፉን መግለጫ እንድታርሙልኝ፣ በፎቶው ላይ ያለው ሳንቲም ስንት ግራም እንደሚመዝንም ከባለቤቱ ጠይቃችሁ እንድትጽፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የኮንጎ ዘማች ልጅ፣ ከአዲስ አበባ