ጽዋዋ ወደ ማን ቤት ትሂድ?

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ውሏል፣ እኔም ጋቢዬን ደርቤ ነው የምጽፍልሽ።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሏል። "እማ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ ሕንፃው አይደለም፣ እኔ ራሴ ነኝ። መጽሐፍ ቅዱሴን ቤቴ ቁጭ ብዬ አነባለሁ" አልሽኝ። ዝም ያልኩሽ መልስ አጥቼ ነው። እውነትም አለሽ። ካህናቱም ቤተ ክርስቲያን ሲባል ሕንፃውም፣ እያንዳንዱ ምእመንም፣ የምእመናን ጉባኤም ነው ይሉናል። አንቺ መሐለኛዋን ብቻ ይዘሽ ሄድሽ እንጂ።

ማታ መነጽሬን ፈልጌ 1ኛ ቆሮንቶስ 3፥16ን አወጣሁ። "የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ እንደ ሆናችሁ" ይላል። ሆናችሁ! "እንደ ሆንሽ" አላለም። አቃቂር አወጣሽ እንዳትዪኝ። ጳውሎስ የሚጽፈው እርስ በርሱ ለሚናከስ ማኅበር ነው።

ምዕራፍ 11 ላይማ ይብሳል። ለጌታ እራት ተሰብስበው እያንዳንዱ የራሱን ቀድሞ ይበላል። አንዱ ይራባል፣ አንዱ ይሰክራል። "የእግዚአብሔርን ማኅበር ትንቃላችሁን?" ብሎ ተቆጣቸው። የተናቀው ሕንፃ አይደለም። ያኔ ሕንፃ መቼ ነበራቸውና፣ በሰው ቤት ነበር የሚሰበሰቡት። የተናቀው ባዶ እጁን የመጣው ሰው ነው።

ይህን ሳነብ እዚሁ ደሴ ያለው አይጠየፍ ትዝ አለኝ፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ። ትንሽ ሆነሽ "ምኑን ነው የማይጠየፈው?" ብለሽ አስቀሽኝ ነበር። ድሃ ሀብታም ሳይል ሁሉን ስለሚያበላ ነው ስሙ። ለቆሮንቶሶች አንድ እንዲህ ያለ አዳራሽ ባሳየኋቸው አልኩ በሆዴ።

እኔስ? በየወሩ በ27 ከቤት ቤት የምትዞረው የመድኃኔዓለም ማኅበር ጽዋ በዚህ ወር እኛ ቤት ነበረች። ቀጣዩዋ ተረኛ ማን መሰለችሽ? ያቺ በውሃ መውረጃው ጠብ ስድስት ወር የተዘጋጋኋት። ጠላውን ስጠነስስም፣ ድፎውን ስደፋም እሷን ነው የማስበው። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ሰፌድ ልታውሰኝ ብትመጣ ፊቴን አየችና "አብሽሪ፣ እሷም ሰው ናት" አለችኝ። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል!

27 ደረሰ። የንስሐ አባታችን ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ጽዋዋን ታውቂያት የለም፣ አፏ ሸረፍ ያለችውን? በነጭ ነጠላ ጠቅልዬ ይዣት ቆምኩ። ሴትዮዋም ነጠላዋን አጣፍታ መጣች፣ ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች። ጣቷ ላይ የተቃጠለ ቦታ አየሁ፣ ምጣድ ነው መቼም። ማን እንዳበሰለላት እንኳ አልጠየቅኩም ነበር ስድስት ወር ሙሉ። ጽዋዋን ስንቀባበል ጠላው ትንሽ ፈሰሰብን። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች ቀስ ብላ፣ ለጠላው ይሁን ለውሃ መውረጃው አልገባኝም። "ይቅር" አልኳት እኔም።

ማንበብሽን አትተዪ፣ ደስ ይለኛል። ያ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባም ሠረገላው ላይ ብቻውን ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ያነበበውን እንዲያስረዳው ግን ፊልጶስን ከጎኑ አስቀመጠው።

ውሃ መውረጃው እስካሁን አልተጠገነም። በሚመጣው 27 እሷ ቤት ነን። ከመጣሽ አብረን እንሄዳለን፣ ዳቦዋ ግን ጨው ይበዛበታል።

እናትሽ፣ ከደሴ