የትኛው 2015?

ለክቡር አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የዜና ገጾችም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ማስታወቂያዎች ላይ ዓመትና ሰዓት የሚጻፍበት መንገድ አንባቢን እያሳሳተ በመሆኑ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ከውጭ ቋንቋ የሚተረጎሙ ዜናዎች ዓመቱን እንዳለ እየገለበጡ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ምልክት ይጥሏታል። «በ2015 የጸደቀው የፓሪስ የአየር ንብረት ስምምነት» ተብሎ ሲጻፍ፣ ስምምነቱ በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 2008 የጸደቀ መሆኑን የማያውቅ ወጣት የቅርብ ጊዜ ጉዳይ አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም።

የሰዓቱ ይብሳል። በምሠራበት ድርጅት ኮምፒውተሩ በራሱ የላከው የስብሰባ ጥሪ «9:00» ይል ነበር። አብዛኞቻችን ነገሩ ገብቶን ከጠዋቱ 3:00 ስንሰበሰብ፣ አንድ ባልደረባችን ግን ሪፖርቱን አስጠርዞ ከቀኑ 9:00 ላይ፣ ወንበሩ ተነሥቶ ወለሉ በሚወለወልበት ሰዓት አዳራሹ ደረሰ። ተግሣጹ የተጻፈው ለእሱ እንጂ ለኮምፒውተሩ አልነበረም።

ስለዚህ ጋዜጣው ማንኛውም ዓመት በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀስ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» እንዲታከልበት፣ ሰዓትም «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» ሳይባል እንዳይታተም በአርትዖት መመሪያው ቢደነግግ፤ መሥሪያ ቤቶችም ኮምፒውተሩ ከሚልከው ጥሪ ሥር ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር የሚገልጽ አንድ መስመር እንዲጨመር ቢያዝዙ መልካም ነው።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ