ለቀጮ፣ ከድሬ

ወርያ ቀጮ፣

ሁለት ዓመት ዝም አልኩህ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ፣ በቃ አታስለፍልፈኝ አቦ። በእናትህ በር ላለማለፍ ስል ከዚራ ሰፈርን ዙሪያ ጥምጥም ስዞር መክረሜን ከሰው ሳትሰማ አልቀረህም።

የምጽፍልህ አንተና ያቺ ባልደረባህ በሠራችሁት ሙዚቃ ላይ ጋዜጣ ላይ ስለጻፍኩት ሂስ ነው። "የቤቴ ፍሪጅ ከዚህ የተሻለ ያዜማል" ያልኩበት። ሰው ሲስቅልኝ ሊቅ የሆንኩ መሰለኝ። ግን ያልነገርኩህ ነገር አለ። ከአርባ ደቂቃው ሥራችሁ የሰማሁት ዘጠኙን ብቻ ነው። ያውም ታይዋን ገበያ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ በስልኬ ድምፅ። ያንተ ሄድፎን ቤት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ። አዎ፣ አሁንም እኔ ጋ ነው።

በቀደም ትኩሳትና ቁርጥማት ጣለኝ። የድሬን ሙቀት ታውቀዋለህ፣ ቬንትሌተሩ ሌሊቱን ይዞራል፣ እንቅልፍ የለም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሄድፎኑን አወጣሁና የናንተን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። ቬንትሌተሩ የቱ፣ ሙዚቃው የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ከዚያ አንድ ልጅ "ሳምቡሳ! ትኩስ ሳምቡሳ!" ሲል ሰማሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት! እየተንገዳገድኩ ሄጄ መስኮት ከፈትኩ። መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። መልሼ ሳጫውተው ልጁ እዚያው ነው፣ ከሲንተሳይዘሩ ስር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይመለሳል፣ ቃሉ ጠፍቶ ዜማው ብቻ ረዝሞ። ሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ። እኔ እኮ ዘጠነኛውን አላለፍኩም!

እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖም እንዲህ ከአካባቢው ድምፅ ጋር የሚደባለቅ ሙዚቃ የበራለት በ1975 በፈረንጆቹ መኪና ገጭቶት ተኝቶ ሳለ ነው አሉ፤ የሃርፕ ሙዚቃ ተከፍቶለት፣ ድምፁ በጣም አንሶ፣ ተነስቶ ከፍ ለማድረግ አቅም አጥቶ፣ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ ሰማው። ከዚያ በፊት በ1973 ከጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕ ጋር ሁለት ቴፕ አያይዘው፣ አንዱ የቀዳውን ሌላው ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ እየመለሰው፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረቡ አንድ አልበም አውጥተው ነበር። የሬዲዮ አቅራቢው ጆን ፒል ቢቢሲ ላይ ሲያጫውተው ቴፑ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሄደ! እኔ ቢያንስ ከመጀመሪያው ነው የጀመርኩት፣ ይሄ ቅጣት አያቀልልኝም? በ2008 እንደገና ሲያወጡት ደግሞ የተገለበጠውንም ጨመሩበት። የነሱ ስህተት ተሸጠ፤ የኔን ማን ይገዛዋል።

እና... ጋዜጣው ሁለተኛ ሂስ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ላባብልህ አይደለም፤ መጨረሻው አሁንም ይረዝምብኛል፣ እሱንም እጽፋለሁ። ግን ያኔ "ከሁለቱ ማን ምን እንደሠራ አይለይም" ብዬ የነቀፍኩትን አሁን የወደድኩት እሱን ነው። ያንተ እጅ የት አልቆ የሷ እንደሚጀምር ሦስቴ ፈልጌ አጣሁት።

የቸገረኝ ዘጠኙ ደቂቃ ነው። በጋዜጣ ልናዘዘው? አዘጋጁ ካነበበ ሁለተኛ ያስጽፈኛል ብለህ ነው? ካልተናዘዝኩት ደግሞ... እንጃ። አንተና እሷ "ተወው" ካላችሁ ጭራሽ አልጽፍም። እስከ ሐሙስ ንገረኝ፣ የድሮው ስልክህ አይሠራም።

ሄድፎኑን ለእናትህ ላድርስ ወይስ መጥተህ ትወስዳለህ? ያንን ሳምቡሳ ሻጭ ደግሞ የት ነው የቀዳችሁት? መጋላ ነው አይደል?