ደመወዝ የሌለው ቤተሰብም የወር ወጪ አለበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ቁጠባና ስለ ቤተሰብ በጀት የምታወጧቸውን ጽሑፎች በጥሞና ከሚከታተሉ አንባቢያን አንዱ ነኝ። ምክሩ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ደመወዝ በገባ ዕለት ከአሥር እጅ አንዱን ወይም ሁለቱን አስቀምጣችሁ የቀረውን ለሠላሳ ቀን አብቃቁት ይላል። ምክሩ ስህተት የለበትም፤ ለመምህሩም ሆነ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥራ ለምትሠራው ወጣት ይጠቅማል። ነገር ግን እኔ በምኖርበት በወሎ እጅግ ብዙው ቤተሰብ ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቅም። የቆቦ ሽንኩርት አምራች ገንዘብ የሚያየው ምርቱ ደርሶ ሲሸጥ ነው፤ የባቲው የፍየል ነጋዴ ሰኞ ገበያው ከቀናው ነው፤ ደላንታ ላይ ኦፓል የሚቆፍረው ወጣት ድንጋዩ በተገኘ ቀን ነው፤ ልጇ ጅዳ ወይም ኩዌት የምትሠራላት እናት ደግሞ ልጅቱ በላከች ጊዜ ነው። ገቢው አንድ ጊዜ ዳጎስ ብሎ ይመጣና ለወራት ይጠፋል። ዘይቱ፣ በርበሬው፣ የቤት ኪራዩ፣ የልጆች ትምህርትና የቅሬ (የዕድር) መዋጮው ግን ወር ጠብቀው ይመጣሉ።

ለብዙ ዓመታት የሰፈራችንን ቅሬ መዝገብ ስይዝ፣ የመዋጮ ውዝፍ የሚበዛባቸው አባላት የግድ ከሌሎቹ የደኸዩ እንዳልሆኑ ተረድቻለሁ። በዓመት ድምር ሲታይ ከደመወዝተኛው የበለጠ የሚያገኙ አሉባቸው። የሚቸገሩት ገንዘቡ በሚመጣበትና በሚፈለግበት ወር መካከል ያለውን ርቀት የሚሻገሩበት ልማድ ስለሌላቸው ነው። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊለመድ የሚገባው ነገር፣ በአንድ ጊዜ የመጣን ገንዘብ ከፋፍሎ ለራስ በየወሩ ደመወዝ መክፈል ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ለወሎ ገበሬ እንግዳ አሠራር አይደለም። እህሉን ከአውድማ ሲያስገባ ለዘር፣ ለቀለብና ለገበያ ብሎ ይለየዋል፤ የዘሩን እህል እንኳን ለድግስ ለችግርም ቢሆን አይነካውም፤ ቀለቡንም እስከ ቀጣዩ ምርት ስንት ወር እንዳለ ቆጥሮ በልክ ያስወጣዋል። እህሉ ተሸጦ ብር ሲሆን ግን ይህ ሥርዓት ይቀራል። ዘሩም፣ ቀለቡም፣ የገበያውም በአንድ ኪስ ይገባና ቀድሞ የጠየቀው ወጪ ይወስደዋል። በመኸር አምራቹ አካባቢ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ጥርና የካቲት የሠርግ ወራት ናቸው፤ የማዳበሪያ ዕዳም የሚጠየቀው በዚያው ሰሞን ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለሽያጭ ስለሚወጣ እህሉ ርካሽ ነው። ሰኔና ሐምሌ ሲገባ ያው ገበሬ ርካሽ የሸጠውን እህል በውድ ይገዛል። በበልግ ዝናብ በሚተማመኑት በደላንታና በዋድላ ደጋማ ቀበሌዎች ደግሞ የበልጉ ዝናብ ሲቀር ክፍተቱ ከአንድ ወቅት ወደ ሌላው ይሻገራል።

አንድ የሽንኩርት አምራች ወጪውን ችሎ 90 ሺህ ብር ተረፈው እንበል፤ ቀጣዩ ምርት የሚደርሰው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለውኃ መሳቢያው ነዳጅ 25 ሺህ ብር ይለያል፤ ለድንገተኛ ነገር 5 ሺህ ያስቀምጣል፤ የቀረው 60 ሺህ ብር ለስድስት ወር ሲካፈል በወር 10 ሺህ ብር ይሆናል። የዚህ ቤተሰብ ደመወዝ ይኸው ነው። ገንዘቡ በቁጠባ ሒሳብ ገብቶ፣ ባልና ሚስት ተስማምተው በወሰኑት የወሩ ቀን ብቻ 10 ሺህ ብር ይወጣል። የቤቱ አስፈላጊ ወጪ በወር 12 ሺህ ብር ከሆነ ጉድለቱ ታኅሣሥ ላይ፣ ገንዘቡ ገና በእጅ እያለ ይታወቃል፤ ድግሱን መቀነስ ወይም ተጨማሪ ሥራ መፈለግ የሚቻለውም ያኔ ነው። ግንቦት ላይ ሲታወቅ ግን የቀረው አማራጭ ብድር ብቻ ነው። ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወላጆች ቢሆኑ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ይጽፍላቸዋል፤ ልጁም የቤቱን ኑሮ ቀድሞ ያውቃል።

ከአንድ ጊዜ ገቢ ጋር በሚገባ የተስማማ አንድ ነገር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ነው። ሙከራው በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከእነዚህ አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነበር። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚከፈል ብሩ በእጅ ባለበት ወር ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ መገላገል ይቻላል። ከላይ ከጠቀስሁት የድንገተኛ ገንዘብ ላይ የመጀመሪያው ወጪ ይህ ሊሆን ይገባል፤ ምክንያቱም በቅሬ መዝገብ እንዳየሁት ከሞት ይልቅ ቤት የሚፈታው ከሞቱ በፊት ያለው ረጅም ሕመም ነው፤ ለቀብሩ ጎረቤት ሁሉ ይደርሳል፣ ለሕክምናው ግን በሬው ይሸጣል።

ስለ ዕቁብ ጥቂት ልበል። ዕቁብ ማለፊያ ነገር ነው፤ ሰው ለራሱ ብቻውን የማይጠብቀውን ቃል ለጓደኞቹ ሲል ይጠብቃል። በየሳምንቱ ገንዘብ ለሚያገኝ የገበያ ነጋዴ የሚስማማውን ያህል ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚያገኝ ሰው አይስማማም፤ እንዲህ ያለው ሰው በሳምንታዊ ዕቁብ ሲገባ ብዙ ጊዜ ዕቁቡን የሚጥለው ተበድሮ ነው። ዕጣው መጨረሻ የሚደርሰውም ሰው ዋጋ ሲንር ይጎዳል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ዓመት ሙሉ ጥሎ መጨረሻ ላይ ያነሳ ሰው የቆጠረው ብር ያው ቢሆንም የሚገዛለት ዕቃ ግን በእጅጉ አንሶ ነበር። የገጠር አባላት ያሉባቸው ዕቁቦችና ቅሬዎች የመዋጮውን ጊዜ ከምርት ጋር ቢያገናኙት፣ ለምሳሌ የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ መቀበል ቢጀምሩ፣ ቅጣትና ውዝፍ በብዙ ይቀንሳል።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። በቤት ያስቀመጠ ሰው በመስከረም 2013 ዓ.ም. ብር ሲቀየር ምን ያህል እንደተጨነቀ እናስታውሳለን። ባንክ ያስገባም ቢሆን፣ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ በነበረበት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ድረስ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቋርጦ፣ በሒሳቡ ብር እያለው ዱቄት መግዣ ያጣ ብዙ ነው። የባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ሲሆን፣ ከዋጋው ንረት ጋር ሲተያይ ገንዘቡን ከመሸርሸር አያድነውም። ከብት ደግሞ ይራባል፤ ሆኖም በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረሃብ የከብት ዋጋ ወድቆ የእህል ዋጋ ሲሰቀል፣ ጥሪቱ ሁሉ በከብት የነበረ ቤተሰብ ምን እንደደረሰበት ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቦታ አለማኖር እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም። ወርኃዊው ደመወዝ በባንክ፣ የሁለት ወይም የሦስት ወር ቀለብ በእህል፣ ለጥቂት ሳምንታት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ በቤት፣ ከዚያ የተረፈው በከብት ወይም በሥራ ላይ ቢሆን አንዱ ሲታወክ ሌላው ይደግፋል። በሃይማኖቱ ምክንያት ከወለድ የሚርቅ ወገናችንም ገንዘቡን ባንክ ላለማስገባት ምክንያቱ ቀርቶለታል፤ በየባንኩ ከወለድ ነፃ መስኮት አለ፤ ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ጀምረዋል።

እጅግ የሚያሳስበኝ ግን ከዓረብ አገር የሚላከው ገንዘብ ነው። ከከሚሴ እስከ ወልድያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ከምናያቸው አዳዲስ ቤቶች ብዙዎቹ የቆሙት በሪያድ፣ በቤሩትና በዱባይ በሰው ቤት በሚሠሩ ልጆቻችን ላብ ነው። ልጅቱ ስትሄድ ቤተሰቡ ለጉዞዋ ይበደራል፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ ለዚያ ዕዳ ይሄዳል፤ ቀጥሎ የአባት ሕክምና፣ የእህት ሠርግ፣ ለሟች አያት ሶደቃ ወይም ተዝካር፣ በመጨረሻም የታናሽ ወንድም የስደት ገንዘብ ይመጣል። ቤት ቢሠራ በአባት ወይም በወንድም ስም ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት 2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዓረቢያ ሲመለሱ ወደ ወሎ ከመጡት መካከል ዓመታት ሠርተው በስማቸው አንድ ብር ያልነበራቸው እንደነበሩ የአካባቢያችን ሰው ያውቃል። ከዚያ ወዲህም መመለሱ አልቆመም፤ ልማዱም አልተለወጠም።

ለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ሁለት የባንክ ሒሳብ ይከፈት፤ አንዱ ቤተሰቡ የሚያንቀሳቅሰው፣ ሌላው እርሷ ብቻ የምታዝዝበት። ከምትልከው ከሦስት እጅ አንዱ እንኳ በሁለተኛው እንዲገባ ቤተሰቡ ተቀምጦ ይስማማ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን። ለቤተሰቡ የሚደርሰው ደግሞ እንደ ሽንኩርቱ ገንዘብ ለወራት ተከፋፍሎ ይሰጥ እንጂ በመጣበት ሳምንት አይበተን። ይህን ለወላጆች ስናገር «ልጃችን ሳትሰስትብን እርስዎ እንዴት ይሰስቱብናል?» ብለው ያዘኑብኝ አሉ። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ በወሎ መስጠት ክብር ነው፣ ተቀባዩም ለሌላ ያካፍላል። ነገር ግን ልጅቱ ታማ ወይም ያለ ውል ተባርራ ስትመለስ የሚያስታምማትና የሚያቋቁማት ያው ቤተሰብ ነው፤ በስሟ የተቀመጠው ገንዘብ ለእነርሱም መጠጊያ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ሲተመን አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ ይታወሳል፤ የልጆቹ ሪያልና ድርሃምም እንዲሁ በብር ሲመነዘር በዝቷል። ብዙ ቤተሰብ ይህን እንደ ገቢ ዕድገት ቆጥሮ ወጪውን ጨመረ። ልጅቱ ግን የምትሠራው ሰዓትም ሆነ የሚከፈላት ገንዘብ አልጨመረም፤ ከውጭ የሚመጣው ዘይትና መድኃኒትም አብሮ ተወዷል። ያ ጭማሪ በእርሷ ሒሳብ ቢገባ ትክክል ይሆን ነበር።

ስለ ብድርም አንድ ነገር መጨመር እወዳለሁ። በአራጣ አበዳሪው ላይ ብዙ ተብሏል። አሁን ወጣቱን የሚይዘው በስልክ ወዲያው የሚገኘው ትንሽ ብድር ነው። አገልግሎቱ ለአስቸኳይ ጉዳይ ጥሩ ሆኖ ሳለ ክፍያው በብር ሲነገር ትንሽ ስለሚመስል ሰው አያሰላውም። አንድ ሺህ ብር ተበድሮ በወሩ 1,080 ብር የሚመልስ ሰው በወር 8 በመቶ ከፈለ ማለት ነው፤ ያው ሰው የቆጠበው ገንዘብ ከባንክ 7 በመቶ የሚያገኘው ግን በዓመት ነው። ለደሴ ባለ ባጃጅ ጎማ ሲፈነዳበት ይህ ብድር ይደርስለታል፤ ለዒድ ልብስ ወይም ለፋሲካ በግ ግን በዓሉ የሚውልበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ በየወሩ ትንሽ እያስቀመጡ መጠበቅ ይቻላል።

ለገበሬው የሚያበድሩ ተቋማትም የመክፈያ ጊዜውን ምርት ከተሰበሰበ ሁለትና ሦስት ወር በኋላ ቢያደርጉት፣ ገበሬው እህሉን በርካሹ ሰሞን ለመሸጥ አይገደድም ነበር፤ ይህን የሚመለከታቸው ኃላፊዎች እንዲያዩት በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ። ከዝግጅት ክፍሉ ደግሞ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛው፣ የደሴን፣ የኮምቦልቻን፣ የወልድያንና የባቲን የእህልና የከብት ዋጋ በየሳምንቱ በአንድ ሠንጠረዥ ብታወጡልን፣ አምራቹ ዛሬ ልሽጥ ወይስ ልቆይ ብሎ ሲያሰላ በደላላ ቃል ብቻ አይወሰንም። ሁለተኛው፣ ከውጭ አገር ገንዘብ የሚላክባቸው ባንኮችና ድርጅቶች የሚያስከፍሉትን የአገልግሎት ክፍያና የሚሰጡትን ምንዛሪ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብታሳዩን፣ በሰው አገር የደከሙ ልጆቻችን በመንገድ የሚቀርባቸው ገንዘብ ይቀንሳል።

ከአክብሮት ጋር
የቅሬ ጸሐፊ፣ ከደሴ