ከቃጠሎው በኋላ የደባርቅ ሰው በምን ይደር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጥቶ ነበር። እሳቱ ሲጠፋ ወሬውም ጠፋ። በፓርኩ መግቢያ በደባርቅና በዙሪያው በእንግዳ የሚተዳደረው ሰው ችግር የሚጀምረው ግን ያኔ ነው። በጋው ሳይጠነክር ስለዚህም ይታሰብ።

በቅሎ አከራዩን እንመልከት። እንግዳ ሲቀር የኪራይ ተራው አይደርሰውም፤ ሣሩ ተቃጥሎ ከሆነ ከብቱም ይራባል። በተቃጠለው መሬት ላይ በመጀመሪያው ዝናብ ለምለም ሣር ስለሚወጣ ከብቱን ወደዚያ ይነዳል። አስታ የተባለው የደጋ ዛፍ ከእሳት በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ቡቃያው ደጋግሞ ከተጋጠ ግን ጉቶው ያጠራቀመውን ጉልበት ጨርሶ ይደርቃል። ስለዚህ ግጦሽ መከልከል ብቻውን አይበቃም፤ ከሌላ ወረዳ ድርቆሽ ገዝቶ ቢያንስ እስከ መስከረም ማቅረብ ያስፈልጋል። ይህ ችግኝ ከመትከል ይቀድማል። የሞተ የሚመስለው አስታ አብዛኛው በሕይወት አለና፣ ለመትከል ተብሎ ጉቶው መነቀል የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ነው። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ሥርና ብስባሽ ውስጥ ፍም ይቀራል፤ ነፋስ ሲያገኝ እንደገና ይነሳል። ማለዳ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጭሱ ከሩቅ ስለሚታይ የቃጠሎውን ዳር መዞር፣ የሚጨሰውን ቆፍሮ መበተን፣ ሙቀቱንም በእጅ ጀርባ አስጠግቶ ማረጋገጥ ይገባል። ከዚያ ሰኔ ሳይገባ በተዳፋቱ ላይ አግድም የድንጋይ እርከን መሥራት፣ በእግር መንገዱም ላይ ጎርፉን ወደ ጎን የሚያወጣ ሰያፍ ቦይ መቅደድ። ይህ ካልተሠራ መንገዱ በክረምቱ ቦረቦር ይሆንና መስከረም ላይ የሚመጣው እንግዳ በቅሎ የሚያልፍበት አያገኝም። አስጎብኚው፣ እንግዳን የሚያጅበው ስካውትና በቅሎ ነጂው ቦታውን ያውቁታል፤ ሥራው ለእነሱ ይሰጥ፣ የቀን ክፍያውም በየሳምንቱ በእጃቸው ይድረስ።

እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚሠራ ስህተት አለ። እርዳታ በአስጎብኚዎችና በበቅሎ አከራዮች ማኅበር መዝገብ ሲታደል፣ ለሎጁ እንጀራ የምትጋግረው፣ ዕንቁላልና በግ የሚያቀርበው፣ ስፌት የምትሸጠው አይገኙበትም። ገቢያቸው የተቋረጠው ግን በአንድ ቀን ነው። ከማኅበሩ ዝርዝር ጎን የቀበሌ ዝርዝር ይያዝ።

ዜናውም ይጎዳል። «ሰሜን ተራሮች ተቃጠለ» ሲባል እሳት ያልነካውም ካምፕ ባዶውን ይቀራል። ፓርኩ በየሳምንቱ የሳንቃበር፣ የግጭና የጨነቅ ካምፖች ክፍት ወይም ዝግ መሆናቸውን፣ የትኛው መንገድ እንደተፈተሸ፣ ቀኑ ከተጻፈበት ፎቶ ጋር ያውጣ። አስጎብኚ ድርጅቶችም ደንበኛው ጉዞውን ሰርዞ ገንዘቡን ከመጠየቁ በፊት ቀን እንዲያዛውር ይጠይቁት።

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በሰደድ እሳት ለተጎዳው ቱሪዝሟ 76 ሚሊዮን የአገሩን ዶላር ስትመድብ፣ 20 ሚሊዮኑን የራሷን ዜጎች ለመሳብ አውላዋለች። የእኛም የመጀመሪያ እንግዳ ከአገር ውስጥ ሊመጣ ይችላል። ለጥምቀት ጎንደር የሚገባው ሕዝብ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው፤ ሰላም ባለበት ዓመት የአንድ ሌሊት ጉዞ በብር ዋጋ ቢዘጋጅለት ይመጣል።

ድርቆሹም ሆነ የቀን ክፍያው እሳት ከተነሳ በኋላ በደብዳቤ ከተጠየቀ ክረምቱ ይቀድመዋል። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮና ፓርኩ የመጠባበቂያ ሒሳብ ከፍተው፣ ማን ፈርሞ እንደሚያወጣው ከወዲሁ ይወስኑ።