የእድራችን ቤት ጣሪያ ወድቋል፤ ግድግዳው ግን ቆሟል

ለእድራችን አባላት፣ ለፋብሪካው ጡረተኞችና በያላችሁበት ለምትገኙ የሠራተኛ ልጆች፤

በቡሄ ማግስት ሌሊት ባሕር ዳር ላይ በጣለው በረዶ የእድራችን ጽሕፈት ቤት ጣሪያ በመግቢያው በኩል ተደርምሷል። ሰው አልነበረበትም፤ ተመስገን። ድንኳኑ ግን ርሶ ሻግቷል፤ ብረት ድስቶቹን ጎረቤት አስቀምጠናል፤ የቀብር መዝገቡን ገጽ በገጽ እየገለጥን በከሰል ዳር እያደረቅን ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናታችንን ስንቀብር ለቀስተኛ ያስቀመጥነው በውሰት ሸራ ሥር ነበር። አፍረናል።

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም ብዙዎቹ አባቶቻችን ድንጋይ ጠርበው፣ ሲሚንቶ አቡክተው ነው በኋላ ወደ ማሽኑ የገቡት። እዚያ የቀሰሙትን ግንበኝነት በዚህ ቤት ላይ አዋሉት፤ የፋብሪካው ቢሮ ታናሽ ወንድም እያሉም ይጠሩት ነበር። እስከ ወገብ በአገራችን ባለ ቀዳዳ ጥቁር ድንጋይ የተገነባ ነው። ሙቀት የሚወጣባቸው ትንንሽ መስኮቶች ከጣሪያው ሥር ተደርድረዋል፤ ዶፍ ግድግዳውን እንዳይመታም ክዳኑ ወደ ውጭ ረዝሟል። ከበሩ በላይ ባለው ድንጋይ ላይ አንዱ ግንበኛ የሸማኔ መወርወሪያ ቀርጾበታል። ከውድቀቱ ተርፏል፤ ጫፉ ብቻ ተሸርፏል።

ለምን ወደቀ? በኖራ የተለሰነውን ግድግዳ ከዓመታት በፊት በሲሚንቶ አስለሰንነው። ያሳመርን መስሎን ነበር። ኖራ የጠጣውን ውኃ መልሶ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይይዛል። እርጥበቱ በግድግዳው ውስጥ የገባውን የወራጅ ጫፍ አበሰበሰው፣ የቀረውን ምስጥ በላው። ይህ የኮሚቴው ስሕተት ነው፤ አንሸሽገውም።

በገንዘቡ ግን አንታማ። «ያለፈው መዋጮ የት ገባ?» ለምትሉን፦ አሸንዳ ገጥመንበታል፤ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አስቆፍረን በድንጋይ አስደርድረንበታል፤ መጸዳጃ ቤት ሠርተንበታል። «ጣሪያ እያፈሰሰ ቦይ ምን ያደርጋል?» ተብለናል። ቦዩ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንለምነው ለመሠረቱም ጭምር ነበር። ለኮሚቴ አባል አንድ ብር አበል አልተከፈለም፤ የስብሰባውን ሻይ እንኳ የምንጠጣው ከየኪሳችን ነው። ደረሰኞቹ አልረጠቡም፤ መጥታችሁ እዩ።

ቤቱ ይፍረስና በብሎኬት ይሠራ ያሉ አሉ። አንድ ልምድ ያለው ግንበኛ ግድግዳውን በመዶሻ እየመታ አዳምጦት ጤነኛ ነው ብሎናል፤ የጎደለው ክዳን ነው። ለክዳኑ በጥር የጀመርነው መዋጮ ግን ሩቡ ላይ ደርሶ ቆሟል። ዝናቡ ገና አላባራም፤ ክፍት ግድግዳ ደግሞ በየቀኑ ውኃ ይጠጣል። ለጊዜው ሸራ አልብሰን በጥቅምት ሥራውን ለመጀመር ቆርቆሮ፣ ሞራሌ፣ የምስጥ መድኃኒት የተቀባ ባሕር ዛፍና ኖራ ያስፈልገናል። ገንዘብ የሌለው ጉልበቱን ይዞ ይምጣ።

ስለ ሃምሳው ሎሚ አንተርትባችሁም፤ ሎሚውን አምጡልን። ጊዮርጊስ የሚሳለመውም መስጊድ የሚሰግደውም ወላጁን ሲያጣ በዚህ እድር ድንኳን ሥር ተጽናንቷል። የሙታን አደራ አለብን።

ክፍያው በእድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በአባልነት ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ታትሟል፤ ደብተር የሌላችሁ ከወላጆቻችሁ ጠይቁ። ገንዘቡ የሚወጣው በ3 ፈራሚዎች ነው። በግለሰብ ስም ሂሳብ የሚሰጣችሁ ቢኖር እኛ አይደለንም። ዕቃ የምታመጡ ቅዳሜ ጠዋት ጸሐፊውን በረንዳው ላይ ታገኙታላችሁ፤ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ። ደግመን እንላለን፦ የእድሩ ሂሳብ፣ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ያለው።

የእድሩ ኮሚቴ