ያልተነገረውን ስለጻፈው ሶፍትዌራችሁ

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሶፍትዌር አቅራቢው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የተሳሳተ የቃለ መጠይቅ ግልባጭን ስለሚመለከት ቅሬታ

በሰሜን ሸዋ ገጠር ከሚኖሩ እናቶች ጋር ያደረግኋቸውን 14 ቃለ መጠይቆች ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ በሶፍትዌራችሁ ከፍዬ ተጠቅሜያለሁ። የአንድ ሰዓት ቅጂ በእጅ መገልበጥ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል፤ «ለትንተና ዝግጁ» የሚለው ማስታወቂያችሁ ያማለለኝም ለዚህ ነው።

የፊደል ግድፈት ብቻ ቢሆን ኖሮ አርሜ ባለፍኩት ነበር። አንዲት እናት ስለሞተባቸው ልጅ ስጠይቃቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በግልባጩ ላይ በዚያ ዝምታ ቦታ የተጻፈው «ስለተከታተላችሁን እናመሰግናለን» ይላል። ማሽኑ ይህን ከየትኛው የቪዲዮ መዝጊያ እንደለመደው እግዜር ይወቅ። ለእኔ ግን ዝምታው ራሱ መልስ ነበር። በአንጻሩ እኚሁ እናት ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «አዎ» ያሉባቸው ቦታዎች በሙሉ ባዶ ናቸው። ያልተባለው ተጽፎ የተባለው ተዘሏል ማለት ነው።

የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ከዚህም ይብሳል። እኚሁ እናት ምጥ የጀመራቸው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ጤና ጣቢያ የደረሱት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ትርጉሙ ቁጥሮቹን እንዳሉ ወስዶ ምጡን በፈረንጆች ሰዓት ምሽት 8፣ መድረሻውን ሌሊት 2 አድርጎታል። ልዩነቱ በሁለቱም ስድስት ሰዓት በመሆኑ ስህተቱ ዓይን አይስብም፤ አማካሪዬም አላስተዋሉትም። መኪና አጥተው እስኪነጋ የጠበቁት ሴት በጨለማ ተጉዘው የደረሱ ሆነው ቀረቡ። የጥናቴ ጥያቄ ደግሞ እናቶች ለምን ይዘገያሉ የሚል ነው!

ሌላም አለ። ድምፁ እንደተገለበጠ ወዲያው ይሰረዛል ብላችሁ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስከፍተው ሁሉም እዚያው አለ። ይህ የሰዎች የጤና ምስጢር ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱንም ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። እናቶቹ ፈቃዳቸውን የሰጡት ለእኔ እንጂ ለእናንተ ማከማቻ አይደለም። ቃላችሁን ሳላጣራ ማመኔ የራሴ ጥፋት ነው።

ስለዚህ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ፣ ቅጂዎቹ ከመጠባበቂያ ማከማቻችሁ ጭምር መሰረዛቸው በጽሑፍ እንዲረጋገጥልኝ፣ ሶፍትዌራችሁም ያልሰማውን ከመሙላት ይልቅ «አልተሰማም» ብሎ ምልክት እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። ምላሻችሁን በ15 ቀናት ውስጥ እጠብቃለሁ። እስከዚያው ቅጂዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሬ በእጄ እየገለበጥኩ ነው፤ አራተኛው ላይ ደርሻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ
አዲስ አበባ